የድንጋይና የአፈር መርማሪ የቪክቶር ጎልድሽሚት ታሪክ

ለዚህ ዓመት መጽሔታችን የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሉዊ ፓስተር ነበር። ነገር ግን የፓስተርን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ስለዚህ ሥራው በየቀኑ በእግራችን የምንረግጠውን አፈር የሚመለከት፥ በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ያልተነገረለትን ሌላ ሊቅ መረጥሁ። ይኸውም ቪክቶር ሞሪትዝ ጎልድሽሚት ነው። በኬሚስትሪና በማዕድን ጥናት ሰዎች ዘንድ ስሙ እጅግ የታወቀ ሲሆን ከሞተ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚህ በታች የምጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ከዚህ ሰው ጋር ያስተዋወቀኝ አንድ የኬሚስትሪ ትምህርት ሰዓት ነው። መምህራችን ሁለት ባዶ ሃይላንዶች ቂጣቸውን አስቈርጠው፥ አፋቸውን በንጹሕ ጨርቅ አሳስረው፥ ዘቅዝቀው አቆሙ። በአንደኛው ውስጥ ከተምጫ ወንዝ የመጣ በደንብ የታጠበ አሸዋ፥ በሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ከትምህርት ቤታችን ጓሮ የተቈፈረ ቀይ አፈር ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ጀንሽን ቫዮሌት የሚባለውን፥ ለቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ መድኃኒት በውሃ አቅጥነው በሁለቱም ላይ አፈሰሱ። ከአሸዋው በኩል ውሃው ሐምራዊ እንደ ሆነ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ወረደ። ከቀዩ አፈር በኩል ግን ረጅም ጊዜ ከቈየን በኋላ ጠብ ጠብ እያለ የወረደው ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ሆነ። ቀለሙ የት ገባ ብለን ተደነቅን። እኔም ቀለሙን ለማስለቀቅ የጨው ውሃ ጨምሬ ሞከርሁ፤ ነገር ግን እምብዛም አልወጣልኝም። የቀለሙ ሞለኪውል ትልቅ ስለ ሆነ በኤሌክትሪክ ሙሉ ብቻ ሳይሆን በገላውም ጭምር ከሸክላው ጋር እንደሚጣበቅ መምህራችን አስረዱን። እንደ ፖታስየምና እንደ አሞንየም ያሉት ትንንሽ አዮኖች ቢሆኑ ኖሮ ጨው ይዞ የመጣው አዮን ቦታቸውን ቀምቶ ያስወጣቸው ነበር።

አፈር ሙል ያላቸውን ነገሮች ከውሃ ውስጥ ለይቶ እንደሚይዝ በእንግሊዝ አገር ጆን ቶማስ ዌይ የተባለ ኬሚስት በ1850 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። ሆኖም አንዱ ንጥረ ነገር ተይዞ የሚቀረው፥ ሌላው ግን ከውሃው ጋር ወደ ባሕር የሚሄደው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የአቶም መጠን መታወቅ ነበረበት። ይህን ከለኩት ሰዎች ዋነኛው ጎልድሽሚት ነው።

ጎልድሽሚት ጃንዋሪ 27 ቀን 1888 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በዙሪክ ከተማ ከአይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ ሃይንሪክ ጎልድሽሚት የኬሚስትሪ መምህር ነበር፤ ቪክቶር የሚለውንም ስም ያወጣለት በሥራ ባልደረባው በኬሚስቱ በቪክቶር ማየር ስም ነው። አባቱ ለሥራ ከአገር ወደ አገር ይዛወር ስለ ነበር ልጁም አብሮ ተንከራተተ። በ1893 ወደ አምስተርዳም፥ በ1896 ወደ ሃይደልበርግ፥ በ1901 ደግሞ ወደ ኖርዌይ ዋና ከተማ ወደ ኦስሎ ሄዱ። ኦስሎ በዚያን ጊዜ ክሪስቲያኒያ ትባል ነበር። በ1905 ቤተ ሰቡ የኖርዌይን ዜግነት አገኘ።

የመጀመሪያውን የምርምር ጽሑፉን ያወጣው በ1906 ዓ.ም. ነው። ጽሑፉ ኳርትዝ የተባለው ድንጋይ ሲሞቅ ስለሚሰጠው ብርሃን የሚናገር ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ዓመት፥ ማለት የእኔ ዕድሜ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እስካሁን የሠራሁት ሥራ ሃይላንድ መቍረጥ ብቻ መሆኑን አስቤ ብቻዬን ሣቅሁ።

በክሪስቲያኒያ ዩኒቨርሲቲ ታላቁ የድንጋይ ሊቅ ብሮገር አስተማረው። በ1911 የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ ሲወጣ በአጠገቡ ያለውን ድንጋይ እንዴት እንደሚለውጠው መርምሮ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1914 ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመቱ ፕሮፌሰር ሆነ። ሚስት አላገባም፤ አባቱ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የኖሩት አብረው ነው።

በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ኖርዌይ በጦርነቱ ባትገባም ከውጭ የሚመጣላት ዕቃ ተቋረጠ። ስለዚህ በ1917 መንግሥቱ የጥሬ ዕቃ ላቦራቶሪ አቋቁሞ ጎልድሽሚትን ሹመው። ከተሰጡት ጥያቄዎች አንዱ የማዳበሪያ ጉዳይ ነበር። ሰብል ፖታስየም ይፈልጋል፤ የፖታስየም ማዳበሪያ ደግሞ ዋነኛው ምንጩ ጀርመን ነበረች። ጎልድሽሚት በኖርዌይ ተራሮች በብዛት የሚገኘውን፥ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጨውንና በስሱ የሚላጠውን ሚካ የተባለውን ማዕድን መረመረ። ሚካ በንብርብሮቹ መካከል ፖታስየም ይይዛል፤ የተክል ሥርም ቀስ በቀስ ሊያስለቅቀው ይችላል። ይህንን በ1922 ከአንድ የሥራ ጓደኛው ጋር ጽፎ አወጣ። እኔ ይህን ነገር በልዩ ልብ ብዬ ያነበብሁት፥ የሸክላ አፈር ማዕድን በቅርጹ ለሚካ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነና ጎልድሽሚትም ከሃያ ዓመት በኋላ ወደዚሁ ጥያቄ ስለ ተመለሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው ልምጣ። በስዊድን አገር በስቶክሆልም አቅራቢያ ኢተርቢ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ስፋቷ ከደምበጫ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ነገር ግን ኢትሪየም፥ ኢተርቢየም፥ ቴርቢየምና ኤርቢየም የሚባሉ አራት ንጥረ ነገሮች ስማቸውን ያገኙት ከእርሷ ነው። በዚያ ከወጣ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ዮሃን ጋዶሊን የተባለ የፊንላንድ ሰው በ1794 አዲስ ነገር አገኘ። ከዚያም ጀምሮ ብዙ ኬሚስቶች እየተከታተሉ ሲለዩ ሲፈልጡ ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች የሚባሉት ተገኙ፤ ቍጥራቸውም ዐሥራ ሰባት ነው። ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው ስልክ ድምፅ የሚያሰማው ኒዮዲሚየም በተባለው በአንደኛው በተሠራ ማግኔት ነው። ስማቸው ብርቅዬ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብር ይበዛሉ። ችግሩ አንድ ቦታ ተከማችተው አለመገኘታቸውና እርስ በርሳቸው አለመለያየታቸው ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ኬሚስቶችን ያደከመው ይኸው ነበር።

ጎልድሽሚት ከሁለት ወጣት ረዳቶቹ ከቶም ባርትና ከጉልብራንድ ሉንደ ጋር ሆኖ የእነዚህን ንጥረ ነገሮች ኦክሳይዶች በኤክስሬይ መረመረ። ኤክስሬይ ሐኪም የአጥንት ስብራት የሚያይበት ራጅ ነው፤ በማዕድን ላይ ሲያርፍ ግን አቶሞቹ ምን ያኽል ተራርቀው እንደ ተደረደሩ ያስታውቃል። የምርመራው ውጤት በ1925 ታተመ። ከላንታነም ተነሥቶ ወደ ሉቴሽየም ሲኬድ የንጥረ ነገሩ ክብደት እየጨመረ ይሄዳል፤ የአዮኑ መጠን ግን እየጨመረ በመሄድ ፈንታ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ዛሬ በሚሠራበት ልክ የላንታነም አዮን ከመካከሉ እስከ ዳሩ 1.03፥ የሉቴሽየም 0.86 አንግስትሮም ነው፤ አንድ አንግስትሮም ማለት አንዱ ሜትር ለዐሥር ቢሊዮን ሲካፈል ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በአቶሙ እምብርት ያለው የሚስበው ኃይል በአንድ በአንድ ይጨምራል፤ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሮን ግን በውስጠኛው ክፍል ስለሚቀመጥ ለውጪዎቹ ደኅና መጋረጃ ሊሆናቸው አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ጎልድሽሚት ይህን የላንታናይድ መኰማተር ብሎ ሰየመው፤ ላንታናይድ የሚለውንም ስም የሰጠ እርሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1926 የብዙ ንጥረ ነገሮችን አዮን መጠን በሠንጠረዥ አወጣ።

ይህ ሠንጠረዥ ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። በማዕድን ውስጥ አንዱ አዮን የሌላውን ቦታ ሊይዝ የሚችለው መጠናቸው ሲቀራረብ ነው፤ ሙላቸውም በአንድ ቢለያይ ይቻላል። ብርቅዬዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ሦስት አወንታዊ ሙል አላቸው፤ መጠናቸውም በጥቂቱ ብቻ ይለያያል፤ ስለዚህ እንደ አንድ እናት ልጆች በሄዱበት አብረው ይሄዳሉ። ቀላሉ ኢትሪየም እንኳ መጠኑ ከከባዶቹ ስለ ገጠመ ከእነርሱ ጋር ይገኛል። አንድን ንጥረ ነገር በምድር ውስጥ የት እንደምናገኘው የሚወስነው ክብደቱ ሳይሆን መጠኑና ሙሉ ነው። ጂኦኬሚስትሪ የሚባለው ትምህርት ዛሬ የሚጓዝበትን መንገድ ያገኘው ከዚህ ሥራ በመሆኑ ጎልድሽሚት አባቱ ይባላል። ለኖቤል ሽልማት ብዙ ጊዜ ቢጠቈምም አልተሸለመም።

በ1929 የጀርመን የጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ላቦራቶሪ ሰጥቶ ጠራውና ሄደ። በዚያ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የምድር ቅርፊት በጠቅላላው ከምን ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ነበር። ዓለምን ሁሉ ዞሮ ድንጋይ መልቀም የማይቻል ሥራ ነው። እርሱ ግን በኖርዌይ የቀለጠው በረዶ ከብዙ ተራራ ጠርጎ፥ ፈጭቶና ቀላቅሎ ያስቀመጠውን ሸክላ ወስዶ መረመረ። ወጥ የምትሠራ ሴት ድስቱን አማስላ ከአንድ ጭልፋ የጨውን ልክ እንደምታውቅ ማለት ነው። ኤይቺ ሚናሚ የተባለ የጃፓን ኬሚስትም በዚያው ላቦራቶሪ ሠርቶ፥ በአውሮፓና በጃፓን ከሸክላ የተሠሩ ድንጋዮች ውስጥ ብርቅዬዎቹ ምን ያኽል እንዳሉ በ1935 አወጣ። የአገሮቹ ርቀት ምን ያኽል እንደ ሆነ እናውቃለን፤ የብርቅዬዎቹ አንጻራዊ መጠን ግን ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ዛሬም ሊቃውንት የብርቅዬዎችን መጠን ሲጽፉ ከእንዲህ ያለ የሸክላ ድንጋይ ልክ ጋር ያስተያዩታል።

ብርቅዬዎቹ በሸክላ ላይ የሚያዙት እንዴት ነው? ሸክላ ማለት በዓይን ከማይታዩ ስስ ቅጠሎች የተሠራ ማዕድን ነው። በቅጠሉ ውስጥ አራት ሙል ያለው ሲሊከን የነበረበትን ቦታ አንዳንድ ጊዜ ሦስት ሙል ያለው አሉሚንየም ይይዘዋል፤ ጎልድሽሚት እንደ ጻፈው መጠናቸው የተቀራረበ ነውና። ነገር ግን አንድ አወንታዊ ሙል ስለሚጐድል ቅጠሉ በጠቅላላው አሉታዊ ሆኖ ይቀራል፤ አወንታዊ አዮኖችንም ወደ ገጹ ይስባል። ገጹም ቀላል አይደለም። ዋልካ መሬት ውስጥ የሚበዛው ስሜክታይት የተባለው ሸክላ አንዱ ግራሙ ቅጠል በቅጠል ቢዘረጋ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይሆናል። በቀይ አፈራችን የሚበዛው ካዎሊናይት ግን ከ10 እስከ 20 ካሬ ሜትር ያኽል ነው፤ አሉታዊ ሙሉም ይበልጡን በጠርዙ በኩል ሆኖ በአፈሩ አሲድነት መጠን ይጨምራል ይቀንሳል።

ብርቅዬው አዮን በውሃ ውስጥ ብቻውን አይሄድም፤ የውሃ ሞለኪውሎች እንደ ካባ ከብበውት ነው። ሸክላው ሲስበው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ካባውን እንደ ለበሰ በገጹ ላይ ያርፋል፤ እንዲህ ያለው በቀላሉ ይለቃል፤ ውሃው አሲድ ሲሆንና ጨው ሲያንሰው የሚበዛው ይህ ነው። ወይም አሲዱ በሚቀንስበት ጊዜ በሸክላው ጠርዝ ካሉት ኦክሲጅኖች ላይ ሃይድሮጅኑ ይለቅና አዮኑ ካባውን በከፊል አውልቆ ከኦክሲጅኑ ጋር ፊት ለፊት ይተሳሰራል፤ እንዲህ ያለው ለማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው። ትንንሾቹ ከባድ ብርቅዬዎች፥ በተለይ ጨው በበዛበት ውሃ፥ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ከታላላቆቹ ይልቅ አጥብቀው ይያዛሉ። ሴሪየም የተባለው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ አራተኛ ኤሌክትሮን ያጣና ኦክሳይድ ሆኖ ከላይኛው አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ወንድሞቹ ወደ ታች ሲሰርጉ እርሱ አይከተልም። እነዚህ ሁለት መንገዶች እንዲህ ተለይተው የታወቁት ከጎልድሽሚት በኋላ ነው፤ ሆኖም ትርጓሜው ሁሉ እርሱ በለካው መጠንና ሙል ላይ የቆመ ነው።

ሂትለር በ1933 ሥልጣን በያዘ ጊዜ አይሁዳውያን መምህራን ከየዩኒቨርሲቲው መባረር ጀመሩ። ጎልድሽሚት እስከዚያ ድረስ ስለ ሃይማኖት ብዙ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ወገኖቹ መከራ በተቀበሉበት በዚያ ዓመት ግን በጌቲንገን የአይሁድ ማኅበር አባል ሆኖ ተመዘገበ። ሌላው ሰው ስሙን በሚደብቅበት ሰዓት ስሙን ለማስመዝገብ መሄዱ እኔን ከሳይንሱ ያላነሰ አስደንቆኛል። በ1935 ሥራውን ለቆ ከሽማግሌ አባቱ ጋር ወደ ኦስሎ ተመለሰ። አባቱም በ1937 ሞተ።

በኤፕሪል 1940 የጀርመን ጦር ኖርዌይን ያዘ። ከላይ ስሙን የጠራሁት ረዳቱ ጉልብራንድ ሉንደ ኬሚስትሪውን ትቶ የኩዊዝሊንግ ፓርቲ ሰው ሆኖ ነበር፤ በጀርመኖች ሥር በቆመው መንግሥት ውስጥም የባህልና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ሆነ። በ1925ቱ ጽሑፍ ላይ የመምህሩና የተማሪው ስም ጐን ለጐን ታትሞ ይገኛል። ኦክቶበር 26 ቀን 1942 በኖርዌይ ያሉ አይሁዳውያን ወንዶች እንዲያዙ ሲደረግ ጎልድሽሚትም ተይዞ በርግ ወደሚባለው የእስረኞች ሰፈር ተወሰደ። ሉንደ በዚያው ሰሞን መኪናው ከጀልባ ማረፊያ ወደ ባሕር ገብታ ሞተ።

ጎልድሽሚት ታሞ ስለ ነበር ለጊዜው ተለቀቀ፤ በኖቬምበር መጨረሻ ግን እንደገና ተያዘ። ኖቬምበር 26 ቀን ዶናው የምትባለው የጀርመን መርከብ በኦስሎ ወደብ ቆማ ከአምስት መቶ የሚበልጡ አይሁዳውያንን፥ ሴቶችንና ሕፃናትን ጭምር ጫነች። ጎልድሽሚትም ከሰልፉ ውስጥ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ከሰልፉ እንዲወጣ ታዘዘ። ባልደረቦቹ የእርሱ እውቀት ለአገሪቱ የማዕድን ሥራ እጅግ አስፈላጊ መሆኑን ለባለ ሥልጣኖቹ ተከራክረው ነበርና ነው። መርከቧ ሄደች፤ ተሳፋሪዎቹም ወደ ኦሽዊትዝ ተወሰዱ፤ በሕይወት የተመለሱት ዐሥር እንኳ አልሞሉም። ይህን ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሜ አንብቤዋለሁ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የማዕድን እውቀት የሌላቸው ልብስ ሰፊዎችና ነጋዴዎች፥ የሚሟገትላቸውም ያልነበሩ ሰዎች ነበሩ።

ሁለተኛ ጊዜ እንደማይተርፍ የታወቀ ነበር። ስለዚህ በዚያው በዲሴምበር ወር በድብቅ ድንበር አሻግረው ወደ ስዊድን አወጡት፤ በማርች 1943 ደግሞ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ገባ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ናዚዎች ቢይዙት ሊውጠው መርዝ በኪሱ ይዞ ይዞር እንደ ነበር ይነገራል።

በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ የማኮሌ የአፈር ምርምር ተቋም ተቀበለው። የዓለምን ድንጋይ ሁሉ ሲመዝን የኖረው ሰው አሁን የገበሬ ማሳ ላይ ወረደ ማለት ነው። ጤናው ተበላሽቶ፥ መጻሕፍቱንና መሣሪያዎቹን በኦስሎ ትቶ መጥቶ ነበር። ሆኖም አፈር ፖታስየምን እንዴት ይዞ እንደሚያቈይ፥ ለተክልና ለከብት በጥቂቱ የሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮችም ከአፈር እንዴት እንደሚገኙ ከዚያ ካሉት ሰዎች ጋር መከረ፤ ትልቁንም መጽሐፉን መጻፍ ቀጠለ። በኋላም በእንግሊዝ ወደሚገኘው ወደ ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተዛወረ።

በሥራው ውስጥ ዝናም ድንጋይን ሲያፈርስ ንጥረ ነገሮቹ ወዴት ወዴት እንደሚሄዱ የሚያስረዳ ክፍል አለ። የአዮኑን ሙል ለመጠኑ ሲያካፍሉት የሚገኘው ቍጥር ዕጣውን ያሳያል። ቍጥሩ ትንሽ የሆነላቸው እንደ ሶድየምና ካልስየም ያሉት በውሃ ሟሙተው ይሄዳሉ። መካከለኛ የሆነላቸው እንደ አሉሚንየምና ብርቅዬዎቹ ያሉት ከውሃው ጋር ተዋህደው ይረጋሉ፤ ከሸክላው ጋርም ይቀራሉ። በጣም ትልቅ የሆነላቸው ደግሞ ከኦክሲጅን ጋር ተጣምረው እንደገና ይሟሟሉ።

ይህን ያነበብሁ ጊዜ የራሳችንን ማሳ አሰብሁ። በጎጃም ደጋ ዝናሙ ብዙ ነው፤ ለብዙ ዘመን ካልስየሙንና ማግኒዝየሙን ከሸክላው ላይ እያጠበ ወስዶታል። በባዶው ቦታ የተቀመጡት ሃይድሮጅንና ሦስት ሙል ያለው አሉሚንየም ናቸው። መሬቱ አሲድ ሆነ የሚባለው ይህ ነው፤ አሉሚንየሙም የገብሱንና የስንዴውን ሥር ያቀጭጫል። ከእኛ ቤት ታች ያለው ማሳ እንደዚህ ያለ ነው። አባቴ ማዳበሪያ ጨምረው ጨምረው ምርቱ አልነሣ ሲላቸው መሬቱ አርጅቷል ይሉ ነበር። ኖራ ሲበተን አሲዱ ይቀንሳል፥ አሉሚንየሙ ረግቶ ከሥሩ ላይ ጉዳቱን ያነሣል፥ ቦታውንም ካልስየሙ ይይዛል። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ሃያና ሠላሳ ኩንታል፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚያስፈልግ፥ በአህያ ጭኖ ከመንገድ እስከ ማሳ ማድረስ ብቻ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሠራው ያውቀዋል። እኛ አምና ግማሹን ማሳ ብቻ አዳረስን። የዘንድሮው ገብስ ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ የአንድ ሰው ማሳ አይመስልም።

ይኸው የቦታ መቀማማት በሩቅ አገር ሌላ ታሪክ ሠርቷል። በደቡብ ቻይና በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር፥ ሎንግናን በተባለ ቦታ፥ ብርቅዬዎቹ በኮረብታው ሸክላ ገጽ ላይ ካባቸውን እንደ ለበሱ ተቀምጠው መገኘታቸው በ1969 ታወቀ። መጠናቸው በጣም ጥቂት፥ ከሺህ እጅ አንድ ገደማ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ መፍጨት ሳያስፈልግ አሞንየም ሰልፌት የተባለውን፥ ለማዳበሪያም የሚያገለግለውን ጨው በውሃ በጥብጦ በኮረብታው ውስጥ ማሳለፍ ብቻ ይበቃል። ነገሩ እንደ ሰርግ ዳስ ነው። አንድ ወፍራም እንግዳ ሦስት ሰው የሚይዝ መቀመጫ ላይ ቢቀመጥ፥ አንድ በአንድ ቢሆን የሚያስነሣው አይገኝም፤ ብዙ ቀጫጭን ሰዎች በአንድ ጊዜ ገፍተው ሲገቡ ግን ሦስቱ ተቀምጠው እርሱ ከዳሱ ይወጣል። ሦስት አሞንየም ገብቶ አንድ ብርቅዬ ይወጣል። ከባዶቹ ብርቅዬዎች በብዛት ለዓለም የቀረቡት ከእንዲህ ያለ ሸክላ ነው። ነገር ግን ዳሱን የሞላው አሞንየም ከዝናሙ ጋር ወደ ወንዝና ወደ ጕድጓድ ውሃ ወረደ፤ ብዙ ኮረብታም ተራቈተ፤ በዚያ ያሉ ገበሬዎችም ውሃቸው ተበላሽቶባቸዋል። ጎልድሽሚት ይህንን ለማየት አልደረሰም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 ወደ ኦስሎ ተመለሰ።  ጤናው ግን ከእስር ቤት ወዲህ አልተመለሰለትም። ማርች 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ በዚያው በኦስሎ ዐረፈ።

መጽሐፉን አልጨረሰውም ነበር። በእንግሊዝ አገር የሚገኝ አሌክስ ሚዩር የተባለ የአፈር ሊቅ የተጻፈውን ሰብስቦ፥ የጐደለውን ከባልደረቦች ጋር አሟልቶ፥ ጂኦኬሚስትሪ በሚል ስም በ1954 በኦክስፎርድ አሳተመው። ከ1972 ጀምሮ በስሙ ሜዳልያ ለሊቃውንት ይሰጣል፤ በ2019ም በደቡብ አፍሪካ ከአልማዝ ውስጥ የተገኘ አንድ አዲስ ማዕድን ጎልድሽሚታይት ተብሎ በስሙ ተሰየመ። በቀይ አፈር የተሞላው የእኛ ሃይላንድ ደግሞ እስካሁን በላቦራቶሪው መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ የላይኛው አፈር ሁለት ጣት ያኽል ሐምራዊ ሆኗል፥ ከዚያ በታች ያለው ግን ገና ቀይ ነው።